በርሜሉ መቼ ይከፈት

ወለላ ሣህሉ የይፋግ ልጅ ናት። ባሕር ዳር የመጣችው ገና በወጣትነቷ ሲሆን፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ትንሽ ሆቴል መጠጥ ክፍሉን ትይዝ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ሲኞር ኤርኔስቶ የሚባል ጣሊያን ነበር። ከእንግዳም ከሠራተኛም ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውል ሰው ነው፤ ወለላን ግን የወይን ሥራ አስተምሯታል። እሱ የሚወደው አልኮል የተጨመረበትን ጣፋጭና ጠንካራ የወይን ጠጅ ነበር፤ «ማርሳላ» ይለዋል። ወይኑ እየፈላ ሳለ፣ ጣፋጭነቱ ተሟጦ ሳያልቅ፣ ጠንካራ አልኮል ይጨመርበታል፤ መፍላቱን ያቆማል። ከዚያ የእንጨት በርሜል ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

«እንጨት ይተነፍሳል» ይላት ነበር በተሰባበረ አማርኛው። «በርሜል ውስጥ ያለ ወይን ያድጋል። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ግን በገባበት ዕድሜው ይቀራል። በርሜሉ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን።»

«እስከ መቼ ይቀመጥ?» ብላ ስትጠይቀው ግን አንድ ጊዜም ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቷት አያውቅም። ትከሻውን ይነቀንቅና ወደ ሥራው ይመለሳል። ሆቴሉ ሲወረስ ሲኞር ኤርኔስቶ አገሩ ገባ። አንድ ባዶ በርሜል ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቀረ፤ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ የሽንኩርት ጆንያ ይጭንበት ጀመር።

ዓመታት አለፉ። ከውጭ የሚገባ መጠጥ እየጠፋ ሄደ። በ1976 ዓ.ም. ወለላ ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ አስናቀ አንድ ሐሳብ አቀረበች፤ ይፋግ ውስጥ በየጓሮው ወይን አለ፣ በርሜሉም አለ፣ ለምን የራሳችንን አንሠራም? አቶ አስናቀ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችግራቸው ከበላይ የመጣ ነገር ሁሉ ዛሬውኑ ካልሆነ እንቅልፍ አለመተኛታቸው ነው። «ሥሪ» አሏት።

የካቲት ላይ የይፋግ ሴቶች ወይኑን በቅርጫት ጭነው ላኩላት። በርሜሉን ማንጠባጠቡን እስኪተው ውኃ ሞልታ አስቀመጠችው፤ ደርቆ ነበርና እንጨቱ እስኪያብጥ ድረስ ቀናት ፈጀ። ንጹሕ አልኮል ስላልተገኘ በሚፈላው ወይን ላይ ዳግም አረቄ ጨመረችበትና በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ከደነችው፤ ለሠራተኛውም ሁሉ «እንዳትነኩት» ብላ አስጠነቀቀች።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ አቶ አስናቀ ዕቃ ቤት ድረስ መጡ።

«ጓድ ወለላ፣ ያ በርሜል እንዴት ሆነልሽ?»

«ገና ነው ጌታዬ። ክረምቱን ብቻ ነው የከረመው።»

«ይበቃዋል። ለበዓሉ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ ውስኪ የለም፣ ኮኛክ የለም። ጠርሙስ ውስጥ ይግባ።»

«አረቄውና ወይኑ ገና አልተዋሐዱም። ቢቀምሱት ያውቁታል።»

«ይኸን ሁሉ ወር አብረው ተቀምጠው?»

«እኔና እርስዎስ ስንት ዓመት አብረን ሠራን? መቼ ተስማማን?»

አቶ አስናቀ ሳቁ፤ ትእዛዙ ግን አልተለወጠም። ከበርሜሉ ግማሹ ወደ ጠርሙስ ተቀዳ። ወረቀት ተለጠፈበት፤ በወረቀቱም ላይ ሐይቁና ታንኳ ተሳለ። በበዓሉ ቀን እንግዶቹ ብርጭቆ አነሡ። መጀመሪያ የአረቄው ጌሾ አፍንጫቸውን መታቸው፤ ቀጥሎ የወይን ጭማቂ የመሰለ ጣፋጭ ነገር ምላሳቸው ላይ ቀረ። አንዱ እንግዳ ወለላን ጠርተው፣ «እመቤት፣ ይኸ ሁለት መጠጥ ነው ወይስ አንድ?» አሏት። ከትሕትና ጋር ነበር የጠየቋት፤ እሷን ያናደዳትም ትሕትናው ነው።

«አሳፈርሽን» አሉ አቶ አስናቀ በማግሥቱ።

«አልደረሰም አላልሁም?»

«በይ የተረፈውን ጠርሙስ ዕቃ ቤት አስገቢው። እዚያው ይደርሳል።»

«ጠርሙስ ውስጥ አይደርስም። የሚደርሰው እንጨቱ ውስጥ ነው።»

«ጊዜ ጊዜ አይደለም እንዴ? እዚህም ያልፋል፣ እዚያም ያልፋል።»

ወለላ ከዚያ በላይ አልተከራከረችም፤ የጎደለውን በርሜል በተከታዩ የካቲት ከይፋግ በመጣ አዲስ ወይንና አረቄ ሞልታ ከደነችው። አቶ አስናቀ ግን በየበዓሉ አንድ ጠርሙስ እያስከፈቱ ይቀምሱና፣ «ለውጥ አለው፤ አይደለም?» ይሏታል። ለውጥ የለውም። ያው ጌሾ፣ ያው ጭማቂ። «የለውም» ስትላቸው ደግሞ፣ «አንቺ ተስፋ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም» ይሏታል። ቤቷ ስትገባ ይኸንኑ ለባሏ ለቢያዝን እየነገረች ትበግናለች፤ ቢያዝን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ሠራተኛ ነውና እያንቀላፋ ይሰማታል።

ኋላ ዕቃ ቤቱ ጠበበና በርሜሉ እንዲወጣ ተወሰነ። የሚወስደው ሰው ስላልተገኘ ወለላ ራሷ በጋሪ ጭና ፋሲሎ ወዳለው ቤቷ አመጣችው። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። በርሜሉ ፀሐይ የማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ስለሚፈልግ ከመኝታ ቤቱ በቀር የሚሆነው አልተገኘም። ቢያዝን አልጋው ላይ ለመውጣት በግርጌ በኩል መንፏቀቅ ነበረበት።

«ይኸን ነገር ወይ ጠጪው ወይ ሽጪው» ይላታል።

«አልደረሰም።»

«መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?»

«ሲደርስ አውቀዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር አታውቅም ነበር። ሲኞር ኤርኔስቶ ያልነገራት ይኸንኑ ነው። በዓመት አንዴ በቀጭን የጎማ ቱቦ ትንሽ ትስብና ትቀምሳለች፤ ጌሾው እየለዘበ፣ ቀለሙም ከቀይ ወደ ቡናማ እየሄደ እንደሆነ ታያለች፤ «ትንሽ ይቆይ» ብላ ትዘጋዋለች። በሆቴሉ የደረሰባት እንዳይደገም ፈርታ መሰለኝ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀረዋል።

በ1980 ጥር እናቷ ታመሙባትና ይፋግ ሄደች። በዚያው ሰሞን የቢያዝን የእኅት ልጅ ሙሉነሽ ልትዳር ነው። ለሠርጉ ጠላውም ጠጁም ተጠመቀ፤ ለሽማግሌዎቹና ለሙሽሮቹ የሚቀርብ ደኅና መጠጥ ግን ከየትም አልተገኘም። ቢያዝን በርሜሉን አየው። ብዙ አላሰበም። ጎማውን አስገብቶ አንድ ሣጥን ጠርሙስ ሞላ፤ ቡሽ መታበት፤ ወሰደው።

ወለላ እናቷ ተሽሏቸው ስትመለስ ሰፈሩ በሙሉ ስለ ወይኑ ያወራል። «እጅሽ ይባረክ» ይላታል ያገኛት ሁሉ። ቤት ገብታ በርሜሉን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። መጉደሉ ተሰማት።

«ምን አደረግህ ቢያዝን?»

«ሠርግ ነበረ።»

«አልደረሰም እያልሁህ!»

«ሰው ወደደው።»

«ሰው ሠርግ ላይ ምን የማይወደው አለ? አሁን ይኸ ጎደሎ በርሜል አየር ይገባበታል። ምን ላድርገው?»

«ወደ ትንሽ ዕቃ ገልብጪው።»

«አንተ ነህ ያጎደልኸው፤ አንተው ሙላው።»

ቢያዝን ያስተረፈላትን ብርጭቆ አቀረበላት፤ አልቀምስም አለች። መገልበጡም ትክክል እንደነበር ታውቃለች። እልህ ይዟት ተወችው። እንዲሁ ጎድሎ ቀረ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ልጃቸው አበራ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። አንድ ልጃቸው ነው። ወደ ሰሜን ተላከ፤ መጀመሪያ ወሬው ይመጣ ነበር፣ ኋላ ጠፋ። ወለላ ከዚያ ወዲህ ስለ በርሜሉ የምትናገረው ሌላ ሆነ። «አበራ ሲመጣ ይከፈታል» ነው የምትለው። ዓመታዊ ቅምሻዋንም ተወችው። ቢያዝን አንድ ቀን ሊያስረዳት ሞከረ።

«ወለላ፣ ወይኑ ልጁን አይጠብቅም። የራሱ ጊዜ አለው።»

«ይጠብቃል።»

ቢያዝን ይኸ ክርክር ስለ ወይን እንዳልሆነ ገባው። አልጋው ላይ በግርጌ እየተንፏቀቀ መውጣቱን ቀጠለ።

በ1983 የካቲት ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ግንቦት ላይ መንግሥቱ ወደቀ። የተበተነው ጦር በየመንገዱ እየተንጠባጠበ መግባት ጀመረ። ወለላ ሥራ ትታ በየቀኑ ሐይቁ ወደብ ትውላለች። ሐምሌ ሲገባ አበራ ከጎርጎራ በመጣ ጀልባ ከተሳፋሪ ሁሉ መጨረሻ ወረደ። በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ከመተማ ጎንደር በእግሩ ገብቶ ነው የመጣው። ከስቷል፤ ጫማ የለውም። እናቱ አቀፈችው፤ ከዚያ ደረቱን እየገፋች፣ «ምነው ወሬህ ጠፋ? ምነው?» እያለች ትቆጣው ጀመር። አበራ ፈገግ አለ።

በሳምንቱ ዘመድ ተሰበሰበ። በርሜሉ ከመኝታ ቤት ወጣ። በሁለት ሰው እጅ በቀላሉ ተነሣ፤ ወለላ ያን ጊዜ ነው ልቧ የጠረጠረው። ከፍታ ስትቀዳው የቀረው ከአንድ ገንቦ አይበልጥም። ሌላውን እንጨቱና አየሩ ጠጥተውታል። የወረደው እንደ ሬት የጠቆረ ነው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለአበራ ሰጠችው።

አበራ ጠጣ። ፊቱ ጭምድድ አለ፤ ወዲያው አስተካከለው።

«ይጣፍጣል እማ።»

«አትዋሽ።»

ራሷ ቀመሰችው። እንጨት ነው፤ የተቀቀለ እንጨት፣ መጨረሻው ላይም ወደ ኮምጣጤ የሚሄድ። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ወለሉን ያያል። ወለላ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አቶ አስናቀ ቶሎ ብለው አበላሹት። እኔ ደግሞ ዘግይቼ አበላሸሁት» አለች። «እንግዲህ ይኸ ነገር መቼ ነበር የሚደርስ?»

ሙሉነሽ ተነሥታ ወጣች። ቤቷ ሁለት ቤት አልፎ ነው። ስትመለስ አንድ ጠርሙስ ይዛ ነበር፤ ከሠርጓ ያስቀረችው ነው። «የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና ላይ እከፍተዋለሁ ብዬ ረሳሁት እትዬ» አለች።

ወለላ እምቢ ልትል ነበር። አበራ ግን ቡሹን ነቅሎ ቀዳላትና እጇ ላይ አስቀመጠው። ቀለሙ የነጠረ ማር ይመስላል። አሸተተችው። የጌሾ ሽታ ፈጽሞ የለም፤ ዘቢብና የተቆላ ለውዝ ይሸታል። ስትጠጣው አረቄውን ከወይኑ መለየት አቃታት፤ አንድ ነገር ነው፤ ከወረደ በኋላም ደረቷን ለብ አደረጋት። ሌላው ሰው እስኪጠጣ ጠበቀች። ሁሉም ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋ።

ወደ ባሏ ዞረች።

«ስትቀዳው ቀምሰህ ነበር?»

«የት ጊዜ አግኝቼ?»

«አሽትተህስ?»

«ኧረ ሠርጉ ደርሶብኝ ነው እንጂ። ጠርሙስ ሞላሁ፣ ሄድሁ።»

ወለላ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ያናደዳት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። «ይበቃዋል» ባሉት ሥራ አስኪያጅ ተናዳለች፣ በርሜሏን በሚወቅሰው ባሏ ተናዳለች፤ ትክክለኛዋን ሰዓት ያገኘው ግን ምንም ሳያውቅ፣ እሷ በሌለችበት፣ የሠርግ መጠጥ ቸግሮት የቀዳ ሰው ነው። አበራ መሳቅ ሲጀምር ግን ቁጣው አልጸናላትም። ከወታደር ቤት ከመጣ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው።

በተከታዩ ዓመት ከይፋግ እንደገና ወይን አስመጣች። ይኸኛውን በርሜል በየጊዜው እየቀመሰች፣ የጎደለውን እየሞላች ያዘችው፤ አራተኛው ዓመት ላይ ከፊሉን ወደ ጠርሙስ አወጣች፤ የቀረውን አዲስ ጨምራበት እንደገና ከደነችው። በሚወጣበት ቀን ላይ ከቢያዝን ጋር አንድም ዓመት ተስማምተው አያውቁም። እሱ «ይበቃዋል» ይላል፣ እሷ «ይቆይ» ትላለች፤ አበራ መሐላቸው ቆሞ ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቃል።