ለሁለቱም የተነሡ እጆች

እናንተስ ገጥሟችሁ ያውቃል? ሁለት ሰዎች ለምርጫ ቀርበው ለአንዱ እጃችሁን ታወጣላችሁ። ቀጥሎ የሁለተኛው ስም ሲጠራ ሰውዬው ቀና ብሎ ያያችኋል። እጃችሁ እናንተን ሳያስፈቅድ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል።

ባለፈው ሰኞ ወልድያ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የክፍል አለቃ ሳስመርጥ ይኸው ሆነ። ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች ዘጠና አንድ ድምፅ ሰጡ። እነሱ በሒሳቡ ግራ ሲጋቡ እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ሒሳብ ከዓመታት በፊት መርሳ ላይ ሠርቼዋለሁና።

ያኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ምደባ እጠብቅ ነበር። የአንድ አገር አቀፍ ፓርቲ አባልም ነበርኩ። አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ፓርቲው ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ቢሆንም በየክልሉ ቅርንጫፍ አለው። የክልሉ ቅርንጫፍ ጉባኤ የሚቀመጠው ደግሞ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ አንድ ተወካይ መርጦ ሲልክ ነው። የእኛ ክልል ቅርንጫፍ ገና መቋቋሙ ስለነበር በመጀመሪያው ጉባኤ የትኛው ወረዳ የራሱ ጽሕፈት ቤት እንደሚኖረው፣ የትኛውስ ከጎረቤቱ ጋር እንደሚጠቃለል ሊወሰን ነው። የእኛ ወረዳ የሀብሩ አባላት ለአንዲት ማኅተም ወልድያ መመላለስ ሰልችቷቸዋል። ጉባኤው ላይ ተወካይ ከሌላቸው ግን የሚናገርላቸው የለም። ስለዚህ በወረዳው ከተማ በመርሳ ምርጫ ተጠራ፤ እኔም ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ ሲወርድ ማሽላው በመንገዱ ግራና ቀኝ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከመቀነታቸው ጫፍ የተጠበሰ የማሽላ እሸት ፈትተው በእፍኝ ሰጡኝ። ትኩስነቱና የጭሱ ሽታ እስከ አሁን አፌ ውስጥ አለ። እጄን ጠርጌ ደብተሬን አወጣሁና በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ። እንዲህ ያለ ነገር ሳሰምር ዓለም ሁሉ ቦታውን የያዘ ይመስለኛል።

ስብሰባው የተካሄደው ጓዳ ባላት አንዲት የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። አርባ ሦስት ሰው ተገኘ። አንድ ሼህና አንድ ቄስ ተራ በተራ መረቁን፤ አሜን ብለን ተቀመጥን። ከክልሉ ቅርንጫፍ የመጣው ተወካይ አቶ ግርማቸው ሰዓቱን እያየ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቆቦ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በፊት የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ካልሰጣችሁኝ ሀብሩን ከወልድያ ጋር ጠቅልዬ ነው የምጽፈው» አለ።

ሁለት ዕጩዎች ቀረቡ። አንደኛው መምህር ደምስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ እኔንም ጨምሮ የተሰብሳቢውን ግማሽ ያስተማሩ። ሁለተኛው አያ ሙሄ ነው፤ ማንጎና ብርቱካን የሚያለማ ገበሬ፣ በለቅሶም በሠርግም ቀድሞ የሚደርስ። እጅ ወጣ፣ ቆጠርኩ። ለመምህር ደምስ አርባ አንድ፣ ለአያ ሙሄ ሠላሳ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው።

አቶ ግርማቸው ደብተሬን አየና ተነሣ። «እንዴት ነው ነገሩ? ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው!»

«ታዲያ ሁለቱም ሰው አይደሉ?» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰጠን።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ግርማቸው ግን አልሳቀም። «ይህን ይዤ ብሄድ ክልሉ ይስቅብኛል። ካልገባችሁ ይቅር» ብሎ ቦርሳውን አነሣ።

እኔ ተነሥቼ ስለ ምርጫ ደንብ ማብራሪያ ጀመርኩ። ሦስት ነጥቦች ነበሩኝ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ እትዬ ሰዓዳ፣ መርሳ ገበያ እህል የሚሸጡት፣ አቋረጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ። ደንቡስ ገብቶናል። አንቺ ራስሽ ለስንቱ ነው ያወጣሽው?»

ለሁለቱም አውጥቻለሁ። አንዱ ፊደል ያስቆጠረኝ መምህሬ፣ ሌላው አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው፤ ማናቸውን እጄን ልከልክል?

«አያችሁ?» አሉ እትዬ ሰዓዳ ወደ አቶ ግርማቸው ዞረው። «ጌታው፣ ሰውየው ፊቴ ተቀምጦ እያየኝ እንዴት እጄን ልከልክለው? ነገ ገበያ ላይ አላገኘውም? ቆይ፣ ሱቄ እዚሁ ነው።»

ወጥተው ሽንብራና በቆሎ ይዘው ተመለሱ። ለእያንዳንዱ ሰው ከሁለቱም አንድ አንድ ፍሬ አደሉ። ሽንብራው የመምህር ደምስ፣ በቆሎው የአያ ሙሄ ሆነ። ጓዳው ውስጥ አፈ ጠባብ ቢጫ ጀሪካን አስቀመጥን። አንድ በአንድ እየገቡ የወደዱትን ፍሬ ይጥላሉ።

«የቀረችውስ ፍሬ?» አለ አንዱ።

«ቆርጥማት! ማስረጃ አይቀርም» አሉ እትዬ ሰዓዳ።

«ጥርስ የሌለንስ?» አሉ ሽማግሌው።

«እርስዎማ ዋጥ ያርጓት!»

ጀሪካኑን ደብተሬ ላይ ገልብጬ ቆጠርኩ። ሽንብራ ሃያ ሰባት፣ በቆሎ አሥራ ስድስት። ሲደመር አርባ ሦስት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ድምር አላየሁም።

አያ ሙሄ ግን ፊቱ ጠቆረ። «አንቺ፣ ሠላሳ ዘጠኝ እጅ ቆጥረሽልኝ አልነበረም? ሃያ ሦስቱ የት ገባ?»

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እሱ በቆሎዎቹን ለቅሞ መዳፉ ላይ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ከዚያ ወደ መምህር ደምስ ሄደና፣ «በሉ መምህር፣ ወላሂ ያለ ጽሕፈት ቤቱ እንዳይመለሱ! ባዶ እጅዎን ከመጡ ሃያ ሦስቱን እጅ አስመልሳለሁ» አላቸው። መምህርም አቅፈውት፣ «እሺ ሙሄ፣ አደራህ ከባድ ነው» አሉት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። መምህር ደምስ ጉባኤው ላይ ተናግረው ጽሕፈት ቤቱን አስፈቀዱ። የመክፈቻው ዕለት ብርቱካን በቅርጫት ተሸክሞ የመጣው አያ ሙሄ ነበር።

ያኔ አቶ ግርማቸው ሰዉ ደንብ ያልገባው መስሎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም። አሁን እያስተማርኩ ስኖር የማስበው ሌላ ነው። የሚነሣው እጅ ውሸት አይደለም፤ «አንተንም አከብርሃለሁ» ማለት ነው። ፍሬዋ ደግሞ «የምመርጠው ይሄን ነው» ትላለች። ሰው ሁለቱንም የሚልበት ቦታ ይፈልጋል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ እንሰጠውና ሒሳቡ አልመጣ ሲል እንቆጣለን።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። በዕድራችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ምርጫ ሲኖር መጀመሪያ እጅ አስወጡ፤ ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ፍሬ አድሉና ሰዉን አንድ በአንድ ጓዳ አስገቡ። ስትቆጥሩ ደግሞ ጎደለብኝ የሚለውን ሰው ፊት አትንሡት፤ አጠገቡ ሄዳችሁ ተቀመጡ።