የፉሳኤ ግማሽ ቃል

ፉሳኤ አፏን ከከፈተች ማንም አያስቆማትም፤ ቴሌቪዥን ግን አስቆማት።

በጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት ሰሜን ዳርቻ ሆታቴ የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ ስንፈለቅቅ የምንውል ሴቶች ነን። ዛጎሉን በቢላ ከፍተን ነጩን ሥጋ እናወጣለን። ከፉሳኤ ጎን የምትቆመው ሹሚን ከቻይና የመጣች ልጅ ናት፤ ሥራውን ያስተማረቻትም ፉሳኤ ናት።

ቻይና ሆታቴያችሁን አልገዛም ያለች ሰሞን ጋዜጠኞች መጡ። ፉሳኤ፣ “ተናድጃለሁ! ጉሮሯችንን ነው የዘጉት። ግን ይህቺ ልጅ ምን አደረገች? እሷም እንደኛው ሥራ ልትፈታ ነው” አለች። በዜናው የወጣው “ጉሮሯችንን ነው የዘጉት” እስከሚለው ድረስ ብቻ ነው። አቅራቢው ፊቱን አጨፍግጎ፣ “ሕዝቡ ተቆጥቷል” አለ። የቱ ሕዝብ? እኔን ማን ጠየቀኝ?

በማግስቱ ሰፈርተኛው፣ “አበጀሽ! ልክ ልካቸውን ነገርሻቸው!” ይላት ጀመር። ሹሚን ጥግ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ትፈለቅቃለች።

“እትዬ፣ እናቴ በስልክ አይታዎት ‘ከጠሉሽ ተመለሺ’ ብላኛለች። ወር ሲያልቅ እሄዳለሁ።”

“ማን ጠላሽ? ቃሌን ቆርጠውት ነው!”

ልጅቷ አላመነችም። ፉሳኤ ጣቢያው ጋ ደወለች።

“ሰዓት ስላልበቃን ነው፣ እማማ።”

“ለቁጣዬ ሲሆን ሰዓቱ ከየት መጣ?” ብላ ስልኩን ጠረቀመችው።

ጋዜጠኞቹ ቁጣው በርዶ እንደሆነ ሊያዩ ተመለሱ። “ተያቸው፣ እንደገና መጫወቻ ያደርጉሻል” አልኳት።

“ዝም በይ አንቺ!” አለችና ሹሚንን ከጥጓ ጎትታ፣ አንገቷን አቅፋ ጉንጯን ከጉንጯ አጣበቀች።

“እማማ፣ ለብቻዎ ቢሆኑልን…” አለ ጋዜጠኛው።

“ሁለታችንን ማንሳት ከፈለግህ አንሳ፤ አለዚያ በሩ ያውልህ!”

ያንኑ ቃሏን ከዳር እስከ ዳር ደገመችው። ሹሚን ታንቃ መሳቅ ጀመረች።

በዜናው አሁንም “ተናድጃለሁ!” የሚለው ብቻ ወጣ። የማይማሩ! በንዴት ልፈነዳ ነበር። ግን የሚስቀውን የሹሚንን ፊት ከፉሳኤ ፊት መነጠል አልቻሉም።

የሹሚን ስልክ ጮኸ። እናቷ ናት። ሹሚን የተባባሉትን እየተረጎመች ነገረችን።

“ያቺ የምትጮኸው ሴትዮ አንቃሽ ነው ወይስ አቅፋሽ?”

“አቅፋኝ ነው፣ እማዬ።”

“እንግዲያስ እዚያው ሁኚ።”