ትንፋሽ አይቀዳም

አጎቴን ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። አዘዞ ግቢያቸው ተሰብስበን ሃርሞኒካ ሊነፉልን ሲሉ፣ መጀመሪያ ስልካችንን ሁሉ በእናቴ ቦርሳ ከተው ከወንበራቸው ሥር ያስቀምጡታል። «ጠላ ይቀዳል፤ ትንፋሽ ግን አይቀዳም። እያያችሁኝ ስሙ» ይሉናል። ከዚያ ብሉዝ የሚባለውን የፈረንጅ እንጉርጉሮ ይጀምራሉ። መዳፋቸው ሃርሞኒካው ላይ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ሰው የሚያለቅስ ይመስላል፤ አየር ሲስቡ እኛም ሳናውቀው አብረን እንስባለን።

አንድም ቀን አልቀዳናቸውም። ካረፉ ወዲህ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ የለም፤ ግቢውም ጭጭ ብሏል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ፒያሳ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ያንኑ እንጉርጉሮ ያጫውታል። ሲያበቃ የአያ ድምፅ፣ «ሸጋ አርገህ ቀዳኸው?» ሲል ሰማሁ።

ሹፌሩን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

«ራሴ ነኝ የቀዳሁት። ‹ከቤቴ ሰው አንድም የቀዳኝ የለም፤ አንተ እንኳ ቅዳኝ› ብለውኝ ነው» አለ።

እሺ ብለን ከመታዘዝ በቀር ምን አጠፋን፣ አያ?

ሹፌሩ ፊቴን አይቶ፣ «ልላክልሽ?» አለኝ።

ስልኬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።