ቀረጻውን ያበላሹልኝ እናት

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው የሆነው። አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ መቼም አልረሳውም።

አየር ጤና አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ስለ ተማሪዎች የእግር ኳስ ቡድን ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ሜዳችንን ፈልገው መጡና «እግረ መንገድህን ስህተታችንን አርምልን» አሉኝ። እኔ ደግሞ የኳስ ፊልም ሳይ መናደድ አመሌ ነው። ተጫዋቹ ዘጠና ደቂቃ ሮጦ ፀጉሩ እንኳ አይበላሽም! ስለዚህ ደስ እያለኝ ገባሁበት።

ድርሰቱ ላይ ግብ ጠባቂው ሲጎዳ ሐኪም ቦርሳ ይዞ ይሮጣል። ሳቄ አመለጠኝ። «የቱ ትምህርት ቤት ነው ሐኪም ያለው? እኛ ጋ አራት ልጆች እጅና እግሩን ይዘው አንጠልጥለው ያወጡታል» አልኳቸው። ዳይሬክተሩ ወደደው። አራት ተማሪዎቼን መርጬ አለማመድኳቸው።

በቀረጻው ቀን ግብ ጠባቂ የሚሆነው ተዋናይ ቀረ። ቁመታችን ስለሚቀራረብ ማልያውን እኔ ለበስኩ። ኳሷን ልይዝ ስወረወር ጭቃው አንሸራተተኝና በጭንቅላቴ ከጎሉ ብረት ጋር ተላተምኩ። ልጮህ ብል ድምፄ አልወጣ አለ። ካሜራው እየቀረጸ ነው፤ ሁሉም ትወና መስሏቸዋል። አራቱ ልጆች እንዳስተማርኳቸው እየሮጡ መጡ።

«እንዳትነኩት! ማንም እንዳይነካው!»

ቆመው ያዩ ከነበሩት ሰዎች መሐል አንዲት እናት ሮጠው ገቡ።

«ኧረ እማማ፣ ቀረጻ ላይ ነን! ይውጡልን!» አለ ዳይሬክተሩ።

ከቁብም አልቆጠሩት። ጭቃው ላይ ተንበርክከው ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እንዳትነቃነቅ ልጄ፣ እኔን እየኝ» አሉኝ። ዳይሬክተሩም ትወና አለመሆኑ ገባውና አምቡላንስ ጠራ፤ አምቡላንሱ ግን ጦር ኃይሎች ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ዘገየ። እስኪደርስ ድረስ ጭንቅላቴን አልለቀቁም።

«የአንገት አጥንትህ ተሰንጥቋል» አለኝ ሐኪሙ። «አንጠልጥለውህ ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ አትራመድም ነበር።» በገዛ ምክሬ ሽባ ልሆን ነበር። ለፊልም ሠሪዎቹ ሜዳ ላይ የሚደረገውን እንዳለ ነበር የነገርኳቸው፤ የሚደረገው ልክ ይሁን አይሁን ግን አስቤው አላውቅም። ያን ትዕይንት ከፊልሙ እንዲያወጡት ለምኜ አስወጣሁት።

ሲሻለኝ አጠያይቄ 18 ማዞሪያ እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። ሳሎን ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጃቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተማሪ እያለ ኳስ ሜዳ ላይ ወድቆ፣ ጓደኞቹ አንጠልጥለው ነው ያወጡት። እፊቱ መቆም አሳፈረኝና ቶሎ ወንበር ሳብኩ።

«አትቀመጥ» አሉኝ እናትየው። «መጀመሪያ ቆመህ ልይህ።»

ቆምኩላቸው። ከእግር እስከ ራሴ እያዩኝ እንባቸው ወረደ። እኔም አልቻልኩም። ለእኚህ እናት ያለኝ ምስጋና ማለቂያ የለውም። አሁንም ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ከመቀመጤ በፊት ትንሽ እቆምላቸዋለሁ።