በሰሜን አፍ ወደ ደቡብ ሽምግልና

ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ከሬይኖልድስበርግ ተነሣን። የምንሄደው እዚሁ ኮሎምበስ፣ በስተሰሜን፣ ሚነርቫ ፓርክ ነው፤ ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ይቺን ይዘህ የጉዞ ማስታወሻ ትጽፋለህ ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። ለዚች ግማሽ ሰዓት አራት ወር ሙሉ ስንቅ ስሰንቅ ከርሜያለሁ።

ጉዳዩ ሽምግልና ነው። እኔ ያሳደግኩት የእህቴ ልጅ ናሆም ሊን የምትባል ቬትናማዊት ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። እናትና አባቷ ገና ልጅ ሳለች ስለተለያዩ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። አያቴ እሺ ካላለች አላገባም ብላ ቁርጡን ነግራዋለች።

በበጋው እቤታቸው ራት ተጋብዘን ነበር። ሁላችንም በእንግሊዝኛ ስንጫወትና ስንስቅ አያቲቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳህናቸውን እያዩ ተቀመጡ። በገዛ ቤታቸው እንግዳ አደረግናቸው። አንጀቴን በሉት። ልጅቷን የምጠይቃቸው በአስተርጓሚ ሳይሆን በራሳቸው ቋንቋ ነው ብዬ ለራሴ ቃል የገባሁት የዚያን ዕለት ነው፤ ያውም በሃምሳ ስምንት ዓመቴ።

ስንቁ

ያስተማረኝ ቱዋን ነው፤ የምንሠራበት ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከጎኔ ፎርክሊፍት የሚሉትን ባለሹካ ጭነት ማንሻ የሚነዳ የሰሜን ቬትናም፣ የሃኖይ ሰው። እንግሊዝኛው ከእኔ አይሻልም፤ የተግባባነውም ለዚህ ይመስለኛል። የምሳ እረፍታችን ግማሽ ሰዓት ነች። እሱ እሷን ለእኔ ያውላትና ምሳውን ሳይጨርስ ወደ ሥራ ይመለሳል።

ቬትናምኛ ቃሉን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ዜማውም የቃሉ አካል ነው። እኛም እኮ "ገና" ስንል አጥብቀን ካልነው በዓሉ ነው፣ አላልተን ካልነው ደግሞ ያልደረሰ ነገር። እነሱ ድምፁን ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው የሚለዩት። "ባ" ቀስ ብሎ ከወረደ አያት ነው፤ ቀጥ ካለ ሦስት ነው፤ መሀሉ ላይ ከተሰበረ ደግሞ ተመጥጦ የተተፋ አገዳ። ክብርት አያትን የተተፋ አገዳ ብሎ ሽምግልና የለም።

ግራ ሲገባኝ ቱዋን ፎርክሊፍቱን አስነሣና በሹካው አሳየኝ። ሹካው ባለበት ከቆመ አንደኛው ድምፅ ነው። ቀስ ብሎ ከወረደ ሁለተኛው፣ ሽቅብ ከወጣ ሦስተኛው። ወርዶ መልሶ ሲወጣም አለ፣ እየወጣ ሳለ እክ ብሎ ሲቀጥልም አለ፣ ዱብ ብሎ ሲቀርም አለ፤ በጠቅላላው ስድስት። ከዚያ ወዲያ ጭነት ባነሣሁ ቁጥር አፌም አብሮ ይሠራ ነበር። ሱፐርቫይዘራችን ያመመኝ መስሎት "አር ዩ ኦኬ?" እያለ ይጠይቀኛል።

270 ላይ

ሽማግሌ ሦስት መሆን ነበረበት። አንዱ ኦቨርታይም ተጠራ፤ ሌላው ቸርች ፕሮግራም አለኝ አለ። ቀረሁ እኔ ብቻ። ሹፌሬ ደግሞ ሙሽራው ራሱ ነው። በየትኛው አገር ነው ሙሽራ የራሱን ሽማግሌ በመኪና የሚያመላልስ? ብቻ ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም።

270 የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዘን ትንሽ እንደሄድን ናሆም ሬዲዮውን ዘጋ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ዶንት ቢ ማድ።"

"በል።"

"ስትለማመድ ሪከርድ ያደረግኩህን ለሊን ላኩላት። አክሰንቱ የሃኖይ ነው አለችኝ።"

"ታዲያ የማን እንዲሆን ፈለገች?"

"አያቷ የደቡብ ሰው ናቸው፣ የካን ቶ። ሰሜኑ ደቡቡን ካሸነፈበት ጦርነት በኋላ ባለቤታቸውን የወሰዷቸው ሰዎች እንደዚያ ነው የሚናገሩት። ባለቤታቸው በዚያው ሄደው አልተመለሱም።"

አራት ወር የሰነቅኩት ለካ የእኚህን ሴት ቁስል የሚነካካ ነው። "ይህን የምትነግረኝ አሁን ነው?" አልኩት። ትናንት ማታ ነው የነገረችኝ አለ። መንገዱን ትቶ የእኔን ፊት እያየ ሲነዳ ቁጣዬ በረደልኝ።

ሞርስ ሮድ፣ አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል

ስጦታ ልንገዛ አንድ የቬትናም ግሮሰሪ ገባን። ሁለት ቆርቆሮ ሻይ በሃያ ስምንት ዶላር፣ አንድ ካርቶን ብርቱካን በአሥራ ዘጠኝ ወሰድን። ባለሱቋ ጠና ያለች የሳይጎን ሴት ናት። ዓይኔን በጨው አጥቤ በእንግሊዝኛ ጉዳዬን ነገርኳትና "የደቡቡን አነጋገር አስተምሪኝ፤ ሃያ ደቂቃ አለኝ" አልኳት። ሳቀች። ንግግሬን ሳሰማት ግን ሳቋን ተወች።

"ጎበዝ ነህ፤ ግን የመንግሥት ዜና አንባቢ ትመስላለህ" አለችኝ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። "ዛ" ያልኩትን "ያ" አስባለችኝ። "ስድስት ድምፅ ምን ያሸክምሃል? ሁለቱ እኛ ጋ አንድ ናቸው፤ አምስት ይበቃሃል" አለች። "አዎ" ለማለትም "ቨንግ" እንዳልል፣ እሱ የሰሜን እንደሆነ፣ እነሱ "ያ" እንደሚሉ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። ከፍለን ስንወጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ማን አስተማረህ ካሉህ ከስልክ ነው በል" አለችኝ።

ሚነርቫ ፓርክ

ቤቱ ዝቅ ያለ የሸክላ ቤት ነው። ደጁ ላይ በባልዲ የተተከለ ጠጅ ሣርና ናና አለ፤ ጫማችንን አውልቀን ገባን። አያቲቱ ሐምራዊ ሸሚዝ ለብሰው ሊንን ከጎናቸው አድርገው ጠበቁን። ጠረጴዛው ላይ በዓሣና በአናናስ የተሠራ ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ይጨሳል። በእጃቸው ተቀመጡ አሉን። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ስለዚህ ቆምኩ። ሊን ተጨነቀች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጀመርኩ።

"ትዋ ባ" አልኩ፤ ክብርት አያት ሆይ ማለቴ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በባለሱቋ አነጋገር ሄዱልኝ። ሦስተኛው ላይ አላበኝና ሳላውቀው ወደ ቱዋን አነጋገር ተመለስኩ። አያቲቱ በቋንቋቸው "ልጁን ያሳደግከው አንተ ነህ?" አሉኝ። ገባኝ። ስለገባኝ ደስ ብሎኝ "ቨንግ" አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። ተነሥተው ወደ ኩሽና ገቡ፤ ቧንቧ ሲከፈት ሰማን። ናሆም መሬት መሬት ያያል፤ ሊን ታለቅሳለች። እኔም ሳላስበው ደግሞ በገዛ ቤታቸው አስከፋኋቸው ብዬ ራሴን ረገምኩ።

ሲመለሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ሊን ተረጎመችልኝ፦ "ማን አስተማረህ ትላለች።" ወዲያው በሹክሹክታ "አንክል፣ ከስልክ በል፣ ፕሊስ" አለችኝ።

አንዲት ቃል ብዋሽ ጋብቻው ይድናል፤ ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ነገር ግን አራት ወር ምሳውን የተወልኝን ሰው ክጄ ምን ዓይነት ሽማግሌ ልሆን ነው?

"ቱዋን ይባላል፣ የሃኖይ ሰው ነው" አልኩ። "አብሮኝ ይሠራል። እርስዎን በቋንቋዎ ላነጋግር ስለፈለግኩ በምሳ ሰዓቱ አስተማረኝ።"

ሊን ዓይኗን እየጠረገች ተረጎመች። አያቲቱ ዕድሜው ስንት ነው አሉ። ሃምሳ አራት፣ ከእኔ በአራት ዓመት ያንሳል አልኩ። በጣታቸው ቆጠሩና "ያኔ ሕፃን ነበር" አሉ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው ነው።

"ዛሬ መልስ የለኝም" አሉ በመጨረሻ። "ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስ። አስተማሪህንም ይዘኸው ና። ልጅ ሊጠይቅ ብቻውን የሚመጣ የለም። አሁን ተቀመጥ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።"

ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጨመሩልኝ።

መልስ

መኪና ውስጥ ናሆም "ኖ አሉን፣ አይደል?" አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"አንተ ልጅ፣ በአንድ ቀን እሺ የተባለ ሽማግሌ የት ታውቃለህ? ልጁን የማይሰጥ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም" አልኩት። እነሱም ዘንድ እንዲሁ ይሁን አይሁን እንደማላውቅ ግን አልነገርኩትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ስወጣ የሚያስፈራኝ ዜማውን መሳቴ ነበር። ለካ ዜማውን አሳምሮ ማለትም ሰው ያቆስላል። ቋንቋ ከሰው አፍ ነው የሚወሰድ፤ አነጋገርህም ማን እንዳስተማረህ ይናገርብሃል። በሃያ ደቂቃ ልደብቀው መሞከሬ አሳፈረኝ።

ጫማዬን እንዳወለቅኩ ለቱዋን ኮል አደረግኩለት። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፦ ኩሽናውን፣ የባለቤታቸውን ነገር፣ ይዘኸው ና ማለታቸውን።

"ሰሜናዊ መሆኔን ነግረሃቸዋል?" አለኝ።

"ነግሬያቸዋለሁ።"

ከወንበሩ ሲነሣ በስልኩ ተሰማኝ።

"አባቴም በጦርነቱ ጊዜ ወደ ደቡብ ሄዶ ነው የቀረው" አለ። "እመጣለሁ።"