የአምቡላንሱ ሬዲዮ እና የመሸሻ አነዳድ

የኮልፌው መሸሻ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሽቦ ላይ እጁ የተባረከ፣ መሪ ላይ ግን የተረገመ። አንዴ የጠገነውን መኪና ልሞክር ብሎ የጉሊት ሽንኩርት በትኖ፣ ሰፈሩ ዛሬም ይስቅበታል።

ባለፈው ጋሽ ወንድይፍራው የሚነዱትን የማኅበር አምቡላንስ ይዘው መጡ፤ የመገናኛ ሬዲዮ ሊያስገጥሙ።

«እዚህ ይሁንልኝ» አሉ፣ አብራቸው የምትሄደው ነርስ ከምትቀመጥበት የጎን ወንበር ፊት ለፊት ያለውን ዳሽቦርድ መታ መታ እያደረጉ።

«ጋሼ፣ ከሥሩ በግጭት ጊዜ ፈንድቶ የሚነፋ ኤርባግ አለ። መኪናው ከተጋጨ ሬዲዮው ተስፈንጥሮ ነርሷ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።»

«ጻድቁ እያሉ ማን ይጋጫል?» አሉ፣ መስታወቱ ጥግ የተለጠፈውን የአቡዬን ሥዕል እያሳዩ።

መሸሻ አልተከራከረም። «እሺ፣ እዚያው ልግጠመው። ከዚያ እርስዎ የነርሷ ወንበር ላይ ይቀመጡና እኔ ጦር ኃይሎች ድረስ ወስጄ ልመልስዎት።»

«አንተ ነድተህ?»

«ጻድቁ አሉ አይደል እንዴ?»

ጋሽ ወንድይፍራው ሥዕሉን አዩ፤ መሸሻን አዩ። «ኧረ እሳቸውንስ በከንቱ አናድክማቸው!» ብለው በሳቅ ፈረሱ።

ሬዲዮው ከማርሹ ጎን ዝቅ ብሎ በብሎን ጠብቆ ተቀመጠ። መሸሻ ባትሪው አጠገብ ፊውዙን አስገብቶ ሲጨርስ የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋላቸው፤ እሳቸውም «እስቲ ልሞክረው» ሳይል ላፍ አደረጉት።