ጡረተኛው ስታን በየጧቱ ይገባል

ዶሪን ፔትሪሺን ካናዳ ውስጥ ብራንደን ከተማ ባለው የእርሻ መኪና መለዋወጫ መደብራችን ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። የተቀጠረችው ስልክ እንድታነሳ ነበር፤ ኋላም ትዕዛዝ ተቀባይ ሆነች። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ሲመጣ ግን መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው እሷ ብቻ ነበረችና ማንም ሳይሾማት የፕሮግራሙ ጠባቂ ሆና ቀረች።

አንድ አረንጓዴ ደብተር አላት። የማን ወረቀት በየትኛው ፕሪንተር እንደሚወጣ፣ ማን የመግዣ ዋጋ ማየት እንደሚፈቀድለት፣ ማን ስክሪኑ እንዴት ሆኖ እንዲታየው እንደሚፈልግ በእርሳስ ትጽፍበታለች። አዲስ ሰው ሲቀጠር ገና ኮቱን ሳያወልቅ "ግራኝ ነህ?" ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት። ባሏ የከተማው የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር ስለሆነ፣ በበረዶው ወራት ከእሱ ጋር ተነሥታ ከሁላችንም ቀድማ ትገባለች።

ባንኮኒው ላይ የሚሠራው ኤልመር ፍሪዘን ነው። ገበሬ ኮምባይነሩ ሲበላሽበት ደውሎ የሞተሩን ድምፅ በስልክ ካሰማው፣ የትኛው ኩሽኔታ እንዳለቀ ይነግረዋል። ከስድስት ዓመት በፊት ግን ዓይኑ ከመሐል ጀምሮ ደከመ። ዳር ዳሩ ይታየዋል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ይጠፋበታል። ይህን የነገረው ለዶሪን ብቻ ነበር።

ዶሪን ፊደሉን አግዝፋ፣ ጀርባውን ጥቁር አድርጋ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ደብቃ፣ ቶሎ ቶሎ የሚጠየቀውን ዕቃ በአንድ ቁልፍ እንዲመጣለት አደረገች። ችግሩ፣ በአሮጌው ፕሮግራም ተራ ሠራተኛ ስክሪኑን እንዲህ መለወጥ አይፈቀድለትም፤ የሚፈቀደው ለኃላፊ ብቻ ነው። የድሮው የባንኮኒ ኃላፊ ስታን ጡረታ ወጥቶ ኬሎና የምትባል ሩቅ ከተማ ገብቷል፣ ስሙ ግን ከፕሮግራሙ አልተሰረዘም። ስለዚህ ሁሉንም በስታን ስም አስተካከለችለት፤ ኤልመርም በስታን ስም መግባት ጀመረ። "ለጊዜው ነው" አለችው። ለጊዜው የተባለው ስድስት ዓመት ሆነ።

በየካቲት፣ ገበሬው ለዘር ከመሯሯጡ በፊት፣ ፕሮግራሙ በአዲስ ሊለወጥ ተወሰነ። ፕሮግራሙን ከሚሸጠው የዊኒፔግ ድርጅት ካሚል የሚባል ባለሙያ መጣና ዶሪን ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠ።

"ዕቃውና ደንበኛው ወደ አዲሱ በራሱ ይሻገራል" አላት። "የየሰዉ የስክሪን ቅንብር ግን እዚህ ዝርዝር ላይ ስሙ ካልገባ አይሻገርም። ከታች እርስዎ ይፈርማሉ።"

"ሠላሳ አራት ስም አለ። የምንሠራው አሥራ ዘጠኝ ነን።"

"እንግዲያው አሥራ አምስቱ ይቀራሉ። ያልገባኝ ይሄ ስታን የሚባለው ነው። በየጧቱ ሥራ ሊጀመር ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ይገባል።"

"ስታን ትጉህ ሰው ነው።"

"ጡረታ ወጥቷል ይላል እኮ።"

"ለዚህ ነዋ ጊዜ ያገኘው።"

ካሚል ሳቀ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ከፊርማው በላይ ግን "የተዘረዘሩት ሁሉ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው" የሚል ተጽፏል።

ስታን ከቀረ ኤልመር ሰኞ ጧት የሚጠብቀው እንደ ሌላው ሰው ደቃቃ ፊደል ነው። ባንኮኒው ላይ ቆሞ አንድ ቁጥር ማንበብ አይችልም። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሥራ አስኪያጁ ብሬንት ደግሞ ባለፈው ዓመት ጀርባውን ያመመውን የመጋዘን ሠራተኛ "ቤትህ እረፍ" ብሎ አሰናብቶታል። ቅንብሩን ወደ ኤልመር ስም ማዛወር ይቻላል። ለዚያ ግን ምክንያቱ ተጽፎ ብሬንት መፈረም አለበት።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ዶሪን በሣህን ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል፣ ይዛ ኤልመር ከእኛ ጋር ምሳ ወደሚበላበት መጋዘን ገባች። እኔ ቺንጋ እየቆጠርኩ ነበር።

"ፒሮጊ አመጣሽ?" አለ ኤልመር። "መጥፎ ወሬ አለ ማለት ነው።"

"መጀመሪያ ብላ።"

"ተናገሪና እበላለሁ።"

"ስታንን ማሻገር አልችልም።"

"ምን በደለሽ?"

"ኬሎና ቁጭ ብሎ ዓሣ ያጠምዳል። እዚህ ይሠራል ብዬ ልፈርም?"

"ስድስት ዓመት ሙሉ አብረን ስናታልል ኖረን፣ ዛሬ ቅድስት ሆንሽብኝ።"

"እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም፣ ዝም አልኩ። አሁን ፈርሚ እየተባልኩ ነው።"

"ብሬንት ከሰማ ቤትህ እረፍ ይለኛል። ቤቴ ምን አለ? ድመት።"

"ድመቷም ቀኑን ሙሉ አትችልህም።"

አልሳቀም። ዶሪን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "በራስህ ስም ላዛውርልህ። አንተ ሳትፈቅድ ግን ምክንያቱን አልጽፍም። እንቢ ካልክ ስታን ይቀራል፣ አንተም ሰኞን እንደ ምንም ትወጣዋለህ።"

ኤልመር ሳይበላ ተነሥቶ ሄደ። እኔም መቁጠሬን ስቼ ከአንድ ጀመርኩ።

ልንዘጋ ስንል ጠረጴዛዋ ጋ መጥቶ ቆመ። "ጻፊ።"

"ምን ልበል?"

"ዓይኑ ደክሟል። ኩሽኔታ ግን ያውቃል በይ።"

"ለሁለቱ አይበቃም ቦታው።"

"ፊደሉን አሳንሺዋ።"

"ካሳነስኩት አታነበውም።"

"መቼ አነበብኩና። አንቺ አንብቢልኝ።"

ጻፈች፣ አነበበችለትም። ከዚያ አብረው ብሬንት ቢሮ ገቡ።

ብሬንት የተቆጣው በኤልመር ዓይን መድከም አልነበረም። ስለ ዓይኑ "ቀድመህ ብትነግረኝ ትልቅ ስክሪን እገዛልህ ነበር" ብቻ አለና ፈረመ። ያናደደው የስታን ስም ነው። በዚያ ስም የገባ ሰው ዋጋ መቀነስ ይችላል፤ ባንኮኒው ስድስት ዓመት ሙሉ በጡረተኛ ሥልጣን ሲሠራ መኖሩን ያወቀው ገና ያን ዕለት ነው። ኤልመር ለማንም አንድ ሳንቲም ቀንሶ እንደማያውቅ ዶሪን ተናገረች።

"አምንሻለሁ" አላት ብሬንት። "ግን ከእንግዲህ ፕሮግራሙን የመለወጥ ሥልጣን አንቺ አትይዢውም። ዊኒፔጎቹ ይያዙት።"

"እሺ" አለች። አረንጓዴውን ደብተር መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ኤልመር በራሱ ስም ገባ። አዲሱ ፕሮግራም ሰው ሲገባ በስሙ ሰላም ይላል። ኤልመር አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ።

"ዶሪን፣ ስታን የት ሄደ?"

"ዓሣ ሊያጠምድ።"

ጥቁሩ ጀርባ ተሻግሯል፣ ቁልፎቹም ተሻግረዋል። ፊደሉ ግን በአንድ ደረጃ አንሶ ነው የመጣው። "ይሄ ፊደል ነው ጉንዳን?" አለ። ድሮ ቢሆን ለዶሪን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አሁን ስልኩን አንሥታ ዊኒፔግ ደወለች። "ይጠብቁ" ብለው ሙዚቃ ከፈቱላት። በአንድ ጆሮዋ ሙዚቃውን፣ በሌላው የገበሬውን ትዕዛዝ እየሰማች አርባ ደቂቃ ጠበቀች። እስከዚያ ኤልመር ቁጥሩን በጩኸት ይጠይቃታል፣ እሷም በጩኸት ታነብለታለች፤ ገበሬዎቹም እየሰሙ ተራቸውን ጠበቁ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሰው አነሣ።

"ለኤልመር ፍሪዘን ነው" አለች ዶሪን። "ፊደሉን በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉልን። አዎ፣ በሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ይኸው እዚህ ቆሟል።"